ገበሬው ሠልጥኗል፤ ማሳው ለምን አልተለወጠም?

በጅማ ዞን በየዓመቱ የእርሻ ዝግጅት ሲቃረብ አንድ ዓይነት ዜና ይሰማል፦ ይህን ያህል ሺህ አርሶ አደሮች በተሻሻለ የቡና፣ የበቆሎና የወተት ላም አያያዝ ሠለጠኑ። በዚያው ሰሞን ሰው ስለ ጉዳዩ የሚያወራው ግን ሌላ ነው። አንዱ ወገን «ቢነግሩትም የአባቱን መንገድ አይለቅም» እያለ ጥፋቱን ገበሬው ላይ ይጥላል። ሌላው «ሥልጠና የአበል ማውጫ ሆኗል፤ ዘርና ማዳበሪያ በወቅቱ ይቅረብለት እንጂ ገበሬ እርሻ አያስተምሩትም» ይላል።

ሁለቱም አባባል ከሜዳ የተነሣ አይደለም። የሚስቱት ግን አንድ ነገር ነው፦ «ሥልጠና» በሚለው አንድ ስም የሚጠሩት ሥራዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዱ የቆመው በእውነት የሚያውቅ ሰው በማጣት ነው። አንዳንዱን ገበሬው ከአሠልጣኙ እኩል ያውቀዋል፤ የሚያስፈልገው ዕቃ ግን ቀበሌው ድረስ አይደርስም። አንዳንዱ ደግሞ ትርፉ ሦስት ዓመት ቆይቶ የሚመጣ፣ ኪሳራው ግን ዘንድሮ የሚከፈል ነው። ለሦስቱም የግማሽ ቀን ስብሰባ ማዘጋጀት ለወባም ለስብራትም አንድ ኪኒን እንደ ማዘዝ ነው።

ትምህርቱ በምን መንገድ ይወርዳል

የግብርና ባለሙያዎች «ኤክስቴንሽን» የሚሉት ከምርምር ጣቢያ የወጣን አሠራር ለገበሬው የማድረስና የገበሬውን ችግር ወደ ምርምር የመመለስ አገልግሎት ነው። ጅማ በዚህ ረገድ ድሃ አይደለችም። የእርሻ ትምህርት ቤቷ በ1952 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ ኋላ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡና ላይ ሲሠራ ኖሯል። በአገር ደረጃም ቢሆን መዋቅሩ ትልቅ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. አካባቢ የወጡ ግምገማዎች በመላ አገሪቱ ወደ 8,500 የሚጠጉ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላትንና ወደ 45,000 የልማት ሠራተኞችን ቆጥረዋል። በአንድ ቀበሌ በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ሦስት ባለሙያዎች ይመደባሉ። በአፍሪካ በገበሬ ቁጥር ሲመዘን ይህን ያህል ባለሙያ ያሰማሩ አገሮች ጥቂት ናቸው።

ችግሩ መውረጃው ላይ ነው። የተለመደው ዘዴ «የአሠልጣኞች ሥልጠና» ይባላል፦ ክልሉ ዞኑን፣ ዞኑ ወረዳውን፣ ወረዳው የልማት ሠራተኛውን፣ እሱ ደግሞ ገበሬውን ያሠለጥናል። ላይ አምስት ቀን የፈጀው ትምህርት ወረዳ ላይ ሁለት ቀን ይሆናል፤ ቀበሌ ሲደርስ ከማዳበሪያ ዕዳና ከመንገድ ሥራ አጀንዳ ጋር ተዳብሎ አንድ ሰዓት ይቀረዋል። በየደረጃው መጀመሪያ የሚወድቀው ምክንያቱ ነው፤ ቁጥሩ ብቻ ይተርፋል።

የበቆሎው መስመር ጥሩ ማሳያ ነው። ወደ ታች የሚደርሰው «75 በ25» የሚል ትእዛዝ ነው። 75 ሴንቲ ሜትር በመስመሮች መካከል፣ 25 በተክሎች መካከል ማለት ነው፤ በሄክታር 53,333 ተክል ይሆናል። እንደ ቢኤች 661 ያለ ረጅምና ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ ግን 75 በ30 ይሻላል፤ ያ ደግሞ 44,444 ተክል ነው። ምክንያቱን ያልሰማ ገበሬ ረጅሙን ዝርያ አጠጋግቶ ይዘራና አገዳው ቀጥኖ ነሐሴ ላይ ነፋስ ሲጥለው ዘሩን ይረግማል። ማዳበሪያም እንዲሁ ነው። «ከዘሩ ጋር ጨምሩ» የሚለው ቃል በቁሙ ተወስዶ ዘሩና ማዳበሪያው ሲነካኩ ቡቃያው ይቃጠላል። ሊባል የተፈለገው ከዘሩ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎንና ወደ ታች ራቅ አድርጋችሁ አፈር አልብሱት ነበር።

እውቀት ብቻውን የሚበቃበት ቦታ

«ገበሬ እርሻ አያስተምሩትም» የሚለው ወገን የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። በእንስሳት በኩል ያለ ምንም ግብዓት በማወቅ ብቻ የሚለወጥ ብዙ ነገር አለ።

እንገርን እንውሰድ። ጥጃ ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታ መከላከያ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚያገኘው ከእናቱ የመጀመሪያ ወተት ነው። አንጀቱ ያንን መከላከያ እንዳለ ወደ ደም የሚያሳልፈው ለ24 ሰዓት ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ከተወለደ ስድስት ሰዓት ካለፈው በኋላ አቅሙ በፍጥነት ይወርዳል። ስለዚህ 25 ኪሎ የሚመዝን ጥጃ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት 2.5 ሊትር ያህል፣ ማለትም የክብደቱን አንድ አሥረኛ፣ መጥባት ወይም መጠጣት አለበት። የእንግዴ ልጁ እስኪወድቅ ጥጃውን ከእናቱ ማራቅ በሚለመድበት ቤት ይህ ጊዜ ያልፋል። ከሳምንት በኋላ ጥጃው አስቀምጦት ሲሞት ሰው የሚያማው ብርዱን ወይም ቡዳን ነው። እዚህ ያለው መፍትሔ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም።

የማዳቀሉ ሰዓትም ከሞላ ጎደል እንዲሁ ነው። ላም ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ገደማ ነው፤ የአገር ውስጥ ዝርያ ሲሆን ምልክቱ አሥር ሰዓት ያህል ብቻ ሊቆይና ሌሊት ላይ ሊውል ይችላል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ጠዋት የታየች ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል። እንቁላሉ የሚለቀቀው ምልክቱ ካበቃ ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ፣ ቸኩሎም ዘግይቶም ማዳቀል ዘሩን ማባከን ነው። ትልቁ ምልክት ሌላ ላም ስትወጣባት ቆማ መጠበቋ ነው። በጓሮ ብቻዋን ታስራ የምትውል ላም ግን የሚወጣባት የለም። ስለዚህ ባለቤቷ ማየት ያለባት ጥርት ያለ ዝልግልግ ፈሳሽን፣ ያለወትሮ መጮህንና የወተት መቀነስን ነው። ይህንን ማንም በአንድ ከሰዓት በኋላ ላሟ አጠገብ ቆሞ ሊማረው ይችላል። (የቀረው ግማሽ የገበሬው አይደለም። አዳቃዩ የሚያመጣው የኮርማ ዘር ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በቀዘቀዘ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቆያል፤ ወጥቶ 37 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውሃ ለ30 እስከ 45 ሴኮንድ ይሟሟል። ናይትሮጅኑ ሳይሞላ የከረመ ዕቃ ይዞ የመጣ አዳቃይ፣ ላሟ በሰዓቷ ብትቀርብለትም ዋጋ የለውም። እሑድና በዓል ቀን ስልኩን የማያነሣማ ጭራሽ።)

ሦስተኛው ምሳሌ ወደ ግቤ ሸለቆ ያወርደናል። በቆላው በኩል የገንዲ በሽታ አለ፤ የሚያስተላልፈው ጼጼ ዝንብ ነው። ለሕክምና በብዛት የሚሸጠው ዲሚናዚን የተባለው መድኃኒት ነው። አንዷ የተለመደችው ከረጢት 1.05 ግራም መድኃኒት የያዘች ናት፤ በኪሎ 3.5 ሚሊ ግራም ሲሰላ የምትበቃው 300 ኪሎ ለሚመዝን አንድ ከብት ነው። ዋጋው ሲወደድ አንዷን ከረጢት ለሁለት በሬ ማካፈል ይመጣል። በሬው ለሳምንታት ይሻለዋል፤ በደሙ የቀረው ተሕዋስ ግን መድኃኒቱን እየለመደ ይሄዳል። በግቤ ሸለቆ መድኃኒት የተላመደ ገንዲ መኖሩ በምርምር ከተረጋገጠ አሠርት ዓመታት አልፈዋል። ይህን ሳይናገሩ በዚያ አካባቢ የተዳቀለች የወተት ላም ማከፋፈል ላሟን ለበሽታው አሳልፎ መስጠት ነው።

ጉንደላ፦ ኪሳራው የሚቀድምበት ሥራ

ጅማን ከሌላው የሚለየው የቡናው ጉዳይ ነው፤ ክርክሩም የሚበረታው እዚሁ ላይ ነው። ያረጀ ቡና ግንዱ ይረዝማል፣ ፍሬው ወደ ጫፍ ይሸሻል፣ አንድ ዓመት ሰጥቶ አንድ ዓመት ይነሣል። ማደሻው ጉንደላ ነው። ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ማለትም ጥርና የካቲት ላይ፣ ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በመጋዝ ይቆረጣል። ቁርጡ ሰያፍ መሆን አለበት፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃ ይዞ ይበሰብሳል። በገጀራ ወይም በመጥረቢያ ከተቆረጠ ግንዱ ይሰነጠቅና ቀንበጥ ከማውጣቱ በፊት ይደርቃል። ዝናቡ ሲገባ ከጉቶው ዙሪያ አሥርና ከዚያ በላይ ቀንበጥ ይወጣል። ከዚያ ውስጥ ጠንካራና ተራርቀው የበቀሉት ሁለት ወይም ሦስቱ ብቻ ቀርተው ሌላው ይነቀላል።

እስከዚህ ድረስ ያለውን አብዛኛው የማና፣ የጎማና የሊሙ ኮሳ ወረዳ ገበሬ በቃሉ ይወጣዋል። ታዲያ ለምን አይጎነድልም?

ሒሳቡን እንየው። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የተተከለ ቡና በሄክታር 2,500 እግር ይሆናል። ሩብ ሄክታር ያለው ገበሬ 625 እግር አለው። ሁሉንም ቢጎነድል ሁለት ዓመት ገደማ ምንም አይለቅምም፤ ሙሉ ምርት የሚያየው ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የልጆች ደብተር፣ የማዳበሪያ ቅድመ ክፍያ፣ ለቅሶና ሠርግ አያቆሙም። ስለዚህ «አልጎነድልም» ማለቱ አለማወቅ ሳይሆን ስሌት ነው።

የሚያዋጣው መንገድ በሦስት ከፍሎ በየዓመቱ 208 እግር ገደማ መቁረጥ ነው። ግን እዚህም አንድ ስሕተት ተለምዷል፦ ደከም ያለውን እግር እየመረጡ እዚህም እዚያም መቁረጥ። በረጃጅም ጎረቤቶቹ መካከል የተቆረጠ ጉቶ ብርሃን ስለማያገኝ ቀንበጡ ቀጥኖ ወደ ላይ ይሮጣል፤ ፍሬ የሚይዝ ቅርንጫፍም አያወጣም። መቆረጥ ያለበት በአንድ በኩል የተያያዘ ክፍል ነው። በተከፈተው መሬት ላይም በመጀመሪያው ዓመት ቦሎቄ ቢዘራበት ከጠፋው ገቢ ጥቂቱን ይመልሳል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን በጥድፊያ ሥልጠና ውስጥ የሚዘለለው የመጋዙ ንጽሕና ነው። ቡናን የሚያጠወልገው የፈንገስ በሽታ የሚገባው በቁስል በኩል ነው። የታመመ እግር መጀመሪያ በአንድ ጎኑ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ቅርፊቱ ሲላጥ ከሥሩ ያለው እንጨት ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚያደላ መስመር ያሳያል። ያንን እግር የቆረጠ መጋዝ ሳይጸዳ ወደሚቀጥለው ከሄደ ጉንደላው ማደሻ መሆኑ ቀርቶ በሽታ መዝሪያ ይሆናል። መጋዙን ከእግር ወደ እግር ሲያልፉ በአልኮል ወይም በረኪና በተበጠበጠ ውሃ መጥረግ ያስፈልጋል፤ በረኪና ብረት ስለሚበላ ማታ ዘይት መቀባት ነው። የታመመው እግር ደግሞ ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው በቆመበት ይቃጠላል። ለማገዶ ተብሎ በማሳው መካከል እየተጎተተ ሲወጣ በሽታውን በየመንገዱ ያንጠባጥባል። በዘመቻ መልክ፣ በአንድ ቀን ብዙ እግር ለመቁረጥ በሚደረግ እሽቅድምድም ውስጥ ይህንን ጠብቆ መሥራት ከባድ ነው። የዘመቻ ጉንደላን የሚነቅፉ ባለሙያዎች ነጥባቸው ይኼ ሲሆን፣ ከመረጃው አንፃር ነቀፋው ትክክል ይመስላል።

ኖራና የአህያ ጭነት

ወደ ሁለተኛው ዓይነት፣ ዕቃው ወደሚጠፋበት እንለፍ። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶው በአሲዳማነት ተጠቅቷል የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። የጅማ ቀይ አፈር ከዚሁ ይመደባል። ብዙ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እያጠበ ይወስዳል። የአሲዳማነት መለኪያ የሆነው የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ሥርን ያሳጥራል፤ ፎስፎረስንም ቆልፎ ይይዛል። በዚህ አፈር ላይ የሚጨመር ማዳበሪያ ከያዘው ፎስፎረስ ሰብሉ የሚያገኘው ጥቂቱን ነው። ገበሬው «ማዳበሪያው ኃይል የለውም» ሲል የሚያየውን ነው የሚናገረው።

መድኃኒቱ የግብርና ኖራ ነው፤ ደቆ የተፈጨ፣ ከመዝራት አንድ ወር ገደማ ቀድሞ የተበተነና እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ድረስ ከአፈር ጋር የታረሰ። መጠኑ የሚወሰነው በአፈር ምርመራ ሆኖ በሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል መሆኑ የተለመደ ነው። እዚህ ጋ ሥልጠናው ይቆማል። ዝቅተኛውን ብንወስድ እንኳ ለግማሽ ሄክታር አሥር ኩንታል ያስፈልጋል። አንድ አህያ በአንድ ጊዜ ግማሽ ኩንታል ቢጭን መኪና ከሚያራግፍበት እስከ ማሳው ሃያ ምልልስ ነው። በዴዶ ዳገት ላይ ሃያ ምልልስ ምን ማለት እንደሆነ በቦታው የሄደ ያውቀዋል። ኖራውን በመስመር ብቻ መጨመር ጭነቱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን የተበተነው ለዓመታት ሲሠራ ይኼኛው መደጋገም አለበት። ስለ ኖራ ጥቅም ሦስተኛ ዙር ሥልጠና ከመስጠት ለመጓጓዣው ገንዘብ መመደብ የተሻለ ውጤት እንዳለው ለመገመት ባለሙያ መሆን አያሻም።

የሌሎች ልምድ ምን ይላል

የዓለም ባንክ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ያስፋፋው «ሥልጠናና ጉብኝት» የተባለ ዘዴ ነበር፤ ኢትዮጵያም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሞክራዋለች። የልማት ሠራተኛው በየሁለት ሳምንቱ ተምሮ የተመረጡ ገበሬዎችን ይጎበኛል፤ እነሱ ደግሞ ለጎረቤት ያካፍላሉ። ኬንያ ውስጥ የተሠራውን የባንኩ የራሱ ገምጋሚዎች ሲመረምሩት ከወጪው ጋር የሚመጣጠን ውጤት አላገኙበትም።

በአንፃሩ «የገበሬዎች የመስክ ትምህርት ቤት» በ1989 እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ ውስጥ በሩዝ ማሳ ተጀመረ። ገበሬዎች ወቅቱን ሙሉ በየሳምንቱ አንድ ማሳ ላይ ተሰብስበው ተባዩንና ተባዩን የሚበላውን ነፍሳት እየቆጠሩ ራሳቸው ይወስናሉ። በዚህ ላይ ያለው ክርክር እስካሁን አልተዘጋም። የተካፈሉት ብዙ እንደሚማሩ አብዛኛው ጥናት ይስማማል፤ እውቀቱ ወደ ጎረቤት መሻገሩ ግን ደካማ ሆኖ ተገኝቷል። ነገሩ የሚገርም አይደለም፤ ዓይን የሚያየው ነገር በወሬ አይተላለፍም።

ማላዊ ውስጥ የተደረገ ጥናት ደግሞ ለእኛው «ሞዴል ገበሬ» አሠራር ጥያቄ ያነሣል። ገበሬዎች ይበልጥ የተማሩት መሬቱም አቅሙም እንደነሱ ከሆነ ጎረቤት ሲሆን፣ ያም ጎረቤት ለድካሙ ትንሽ ማበረታቻ ሲያገኝ ነው። ሁለት ጥማድ በሬና ሦስት ሄክታር ያለውን ሰው አሠልጥኖ «ከእሱ ተማሩ» ማለት ለብዙው ትምህርት ሳይሆን ትዕይንት ነው።

ጅማ የራሷ ጥሩ ታሪክም አላት። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ አገሪቱ ውስጥ ሲታይ ገበሬውን ስለ በሽታው ማስተማር ብቻውን ማሳውን አያድንም ነበር። ተመራማሪዎች ብዙ ቡና ሲያልቅ ሳይነካቸው የቆሙትን እግሮች ከየጫካው እየለዩ ፈተኑ። ዛሬ በየችግኝ ጣቢያው የሚጠሩት 74110ና 74112 ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ነው፤ «74» የተመረጡበት 1974 እ.ኤ.አ. ነው። ዝርያው እጅ ላይ ስለነበረ ትምህርቱ መሬት ያዘ።

ማን ነው የሚጠራው

በስብሰባ መዝገብ ላይ የሚሠፍረው የአባወራው ስም ነው። ላሟን የምታልበው፣ ምልክቷን ቀድማ የምታየው፣ ጥጃውን የምታጠባው ግን ሴቷ ናት። በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣን ቡና የምታገላብጠው፣ ማታ ከጤዛ የምትሸፍነውም ብዙ ጊዜ እሷ ናት። እርጥበቱ 11 በመቶ አካባቢ ሳይደርስ በጆንያ የታሰረ ቡና ሻግቶ ደረጃው ይወርዳል፤ «ደርቋል» የሚለውን የሚወስነው እጅ የሥልጠናውን አዳራሽ አላየም። ሥልጠናው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወረዳ ከተማ መሆኑ ብቻውን እሷን ከመዝገቡ ያስወጣታል። አበል ባለበት ደግሞ በየሥልጠናው ተመላልሰው የሚጠሩት እነዚያው ጥቂት ሰዎች ናቸው።

ገበሬው ደውሎ የእርሻ ምክር የሚያገኝበት 8028 የስልክ መስመርም ሆነ በመንደር የሚታዩ አጫጭር ፊልሞች ርቀቱን ያሳጥራሉ። «ዩሪያ መቼ ልጨምር» ለሚል ጥያቄ ስልክ በቂ ነው። ቅርፊት ልጦ የእንጨቱን ቀለም ማሳየት ግን በስልክ አይሆንም።

ዋጋው ወዴት እየገፋ ነው

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ማዳበሪያ በብር ሲተመን ከብዷል። ይህ የሥልጠናን ዋጋ ከፍ ያደርገዋል፤ አፈር ሳይለብስ መሬት ላይ ተበትኖ ወደ አየር የሚተን ዩሪያ ድሮም ኪሳራ ነበር፣ አሁን ግን ኪሳራው ያማል። በቡና በኩል ያለው ግፊት ተቃራኒ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የአረቢካ ዋጋ ኒውዮርክ ላይ በፓውንድ ከአራት ዶላር አልፎ ነበር። ዋጋ ሲወደድ ገበሬው ቡናውን ያድሳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው፤ እያንዳንዱ ያረጀ እግር ዘንድሮ የሚያስገባው ገንዘብ ስለጨመረ መጋዝ ለማንሣት እጁ ይበልጥ ይከብዳል። ጉንደላ ሳይደረግ የሚያልፈው የውድ ዋጋ ዘመን ደግሞ ዋጋው ሲወርድ ያረጀ ቡናና የወረደ ዋጋ አንድ ላይ ያመጣል። ጫት ጎረቤት ቆሞ በሚጠብቅበት አገር ያኔ የሚነቀለው ቡናው ነው።

ስለዚህ ወረዳዎች የሠልጣኝ ቁጥር ከሚጠየቁ ሌላ ነገር ቢጠየቁ ይሻላል፦ በጥር ከተቆረጠው ጉቶ ስንቱ ላይ ቀንበጥ ተመርጧል? ስንት ላም በመጀመሪያው ማዳቀል ያዘች? ስንት ጥጃ ሦስት ወሩን ተሻገረ? ይህን ለመቁጠር ሰው ወደ ማሳው መመለስ አለበት። እዚያ ላይ የቀን መቁጠሪያው ራሱ እንቅፋት ነው፦ ቀንበጥ የሚመረጠው ሰኔ ላይ ነው፤ ጭቃው ሞተር ብስክሌት በሚይዝበት፣ የልማት ሠራተኛውም ለማዳበሪያ ሥርጭት መጋዘን በር ላይ ቆሞ በሚውልበት ወር።